የኔታ የተሳሳቱባት ቃል

ባለፈው ሰሞን፣ የካ አባዶ በምኖርበት ኮንዶሚኒየም፣ ከእኔ በላይ ያሉት ጎረቤቴ ለዓመታት ተዘግቶ የቆየ ሻንጣ ከፍተው ልብስ ሲያናፍሱ የናፍታሊን ሽታ ደረጃውን ይዞ ወረደ። ዘንቢሌን እንደያዝኩ ደረጃው ላይ ቆምኩ። ለሌላው ሰው የሸተተው የብል መድኃኒት ነው። እኔን የሸተቱኝ የኔታ ይትባረክ ናቸው።

ቤታችን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው መንገድ ግርጌ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ነበር። የኔታ ከግቢያችን ክፍሎች አንዷን፣ ቀበሌ የወረሳትን፣ ተከራይተው ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ለነገረ መለኮት ትምህርት ግሪክ አገር ተልከው ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል። ተመልሰው ያስተምሩበት የነበረው ትምህርት ቤት አብዮቱ ሲመጣ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ማመልከቻ እየጻፉ ነበር የሚተዳደሩት። ሚስትም ልጅም የላቸውም። ያላቸው አንድ የብረት ሳጥን ሙሉ መጽሐፍና ከዚያው አገር ይዘውት የመጡት ጥቁር የሱፍ ካፖርት ነው፤ ሁለቱም ናፍታሊን ይሸታሉ። ካፖርቱን ክረምት ከበጋ አያወልቁትም።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር የተጣለ ሬሳ እናይ ነበር፤ ደረቱ ላይ ወረቀት የተለጠፈበት። እኔ ለሁለተኛ ጊዜ ያየሁ ዕለት እናቴ ከቤት እንዳልወጣ ከለከለችኝ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ያለናት እኔና ታላቅ ወንድሜ መስፍን ብቻ ነበርን። መስፍን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው። የት እንደሚውል አይናገርም፤ እሷም መልሱን ስለምትፈራ አትጠይቀውም። እኔን ግን "ሥራ ፈትታ አትቀመጥ" ብላ ወስዳ ለየኔታ ሰጠችኝ።

የኔታ ሒሳብም እንግሊዝኛም አላስተማሩኝም። ያስተማሩኝ የጥንቱን ግሪክ ነው። በራቸው ላይ ባለችው አግዳሚ ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ መጀመሪያ ፊደሉን፣ ቀጥሎ የስሞቹን ማለቂያ አስጠኑኝ።

"ቃሉ ያው ነው፤ ሥራው ሲለወጥ ጅራቱ ይለወጣል" ይሉኝ ነበር። "እኛ 'የወንድም'፣ 'ለወንድም' ብለን ፊደሉን ከፊት እናስቀድማለን። እነሱ ሁሉንም ከጅራቱ ነው የሚያደርጉት። በይ።"

እላለሁ። አዴልፎስ፣ ወንድም። አዴልፉ፣ የወንድም። አዴልፎ፣ ለወንድም። አዴልፎን፣ ወንድምን። ሲጠሩት ደግሞ አዴልፌ። ሁልጊዜ የሚጠፋኝ ሦስተኛው ነበር። "አዴልፎ" ማለት ሲገባኝ "አዴልፉ"ን እደግመዋለሁ። ያን ጊዜ አግዳሚውን በእርሳሳቸው መታ ያደርጉና "ከላይ!" ይላሉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። አንድ ቀን እናቴ ምሳ አምጥታላቸው፣ እኔ እስካስተካክል ድረስ ሽሮው በረደ። "ይብሉ እንጂ፣ የኔታ" ስትላቸው "ስህተት አጠገቤ ተቀምጦ እህል አይወርድልኝም" አሏት።

መስፍን ይህን ሲያይ ይናደድ ነበር። "ሰው እንደ ቅጠል በሚረግፍበት ጊዜ የሞተ ቋንቋ ምን ያደርግላታል?" አላቸው አንዴ።

"የሞተ ቋንቋ ደግነቱ፣ ዳግመኛ የሚገድለው የለም" አሉት፤ ቀና ብለውም አላዩትም።

የቤት ለቤት አሰሳው እኛ ሰፈር የደረሰ ዕለት ጠዋት፣ ጠብመንጃ የያዙ አራት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ግቢያችን ገቡ። ፍራሹን ገለበጡት፤ የጤፉን ጆንያ ወለሉ ላይ ደፉት። እኔና መስፍን በምንተኛበት ክፍል፣ ከሱ ፍራሽ ሥር፣ የእኔን የግሪክ ደብተር አገኙ። እዚያ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ እርጥበት እንዳያገኘው ብዬ። አንደኛው ገለጥ ገለጥ አደረገና መስፍንን አንገቱን ያዘው።

"ይሄ የምን ምስጢር ጽሑፍ ነው? ማነው የጻፈው?"

መስፍን ዞር ብሎ አየኝ፤ ስሜን ግን አልጠራም። "የእኔ ነው" ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። በጠብመንጃው ሰደፍ ሆዱን ሲለው እጥፍ ብሎ ወደቀ። ያኔ የኔታ ካፖርታቸውን እንደለበሱ ከክፍላቸው ወጡ።

"ልጁ ፊደሉንም አያውቀው። እህቱን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ቋንቋ ነው፤ ምስጢር የለበትም።"

መስፍንን ለቀው እሳቸውን ወሰዷቸው። ሳጥናቸውንም ከነመጽሐፉ ጫኑት። እናቴ መስፍንን በዚያው ዕለት ደብረ ብርሃን አክስታችን ዘንድ ላከችው።

በሦስተኛው ቀን ቀበሌ ተጠራሁ። እናቴ እስከ በሩ ሸኘችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አላስገቧትም። ቢሮው ለሁለት የተከፈለ ክፍል ነው፤ መሐሉ ላይ ቺፑድ ተመቶበታል። ሊቀመንበሩን አውቀዋለሁ፤ ከአብዮቱ በፊት አናጢ ነበር፤ የቤታችንን በር የሠራው እሱ ነው። ደብተሬ ፊቱ ተዘግቶ ተቀምጧል።

"እንግዲህ ስሚ" አለኝ። "ቋንቋ ከሆነ አንቺም እሱም አንድ ዓይነት ትላላችሁ። ካልገጠመ ኮድ ነው። እስቲ 'ወንድም' የሚለውን እስከ መጨረሻው በይ። ጮክ በይ!"

ጸሐፊው ብዕሩን አነሳ። እየጮህኩ አልኩት። "አዴልፎስ፣ አዴልፉ፣ አዴልፉ፣ አዴልፎን፣ አዴልፌ።"

ካልኩ በኋላ ነው የገባኝ። ሦስተኛውን ተሳስቻለሁ። "ልድገመው" ብል ይጠረጥሩኛል ብዬ ዝም አልኩ። ጸሐፊው በአማርኛ ፊደል ጻፈው። ሊቀመንበሩ የኔታን እንዲያመጧቸው አዘዘ። ያመጧቸው ከሩቅ አልነበረም፤ ከቺፑዱ ማዶ ነበር።

ካፖርታቸው የለም። የታችኛው ከንፈራቸው አብጧል፤ ግራ እግራቸውን ይጎትታሉ። እኔን አላዩኝም።

"'ወንድም' የሚለውን እስከ መጨረሻው ደርድር" አላቸው።

ዞር ብለው ቺፑዱን አየት አደረጉ። ከዚያ ትምህርት ላይ በሚናገሩበት ድምፅ፣ ቀስ ብለው፣ "አዴልፎስ፣ አዴልፉ፣ አዴልፉ፣ አዴልፎን፣ አዴልፌ" አሉ።

ጸሐፊው ወረቀቱን በጣቱ ተከተለና "ገጥሟል" አለ።

"ሂጂ" አለኝ ሊቀመንበሩ።

"የኔታስ?"

"ይጣራል።"

ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንቅ አመላለስኩ። ሳህኑ አንዳንድ ቀን ባዶውን፣ አንዳንድ ቀን ሳይነካ ይመለስልኛል። አንድ ጠዋት ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበለኝ "ከእንግዲህ አታምጪ" አለኝ። ለእናቴ ስነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ ጥቅጥቅ አድርጋ ይዛ ጓዳ ገባች። ጮኾ ማልቀስ አይቻልም ነበር። ሬሳቸውን አልሰጡንም። የት እንደጣሏቸውም እስከ ዛሬ አላወቅንም።

መስፍን ተርፎ ተመለሰ፤ ሾፌር ሆነ፤ አገባ፤ ወለደ። ስለየኔታ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም።

ክረምቱ እንደወጣ ከመንዝ አንዲት ሴት በእግርና በጭነት መኪና መጡ። የየኔታ ታላቅ እህት ናቸው። የወንድማቸውን ዕቃ ፍለጋ ነበር የመጡት፤ የሚሰጣቸው ዕቃ ግን አልነበረም፤ ክፍሏንም ቀበሌ ለሌላ ሰው ሰጥቷታል። እናቴ ውኃ ሰጠቻቸው፤ እግራቸውን አጠበቻቸው። እሳቸው ግን ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር።

"የመጨረሻ ያየሽው አንቺ ነሽ አሉ፣ ልጄ። ወንድሜ ምን አለ?"

ሌላ የምነግራቸው ነገር አልነበረኝም። "አዴልፉ አሉ" አልኳቸው።

"ምን ማለት ነው?"

"'የወንድም' ማለት ነው።"

"ድገሚልኝ" አሉኝ። ደገምኩላቸው። አፋቸው አልለምድ ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ ሞከሩት፤ አራተኛው ላይ ተስተካከለላቸው። እንዳይጠፋባቸው ቃሏን ለራሳቸው እያሉ ቁልቁለቱን ወረዱ። ስህተት መሆኗን አልነገርኳቸውም።