በነጠላ ጫማ የሄድኩበት ሽምግልና

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ነው። ብዙ አልተማርኩም፤ ግን የሚጠቅመው ሰው አይጠፋም ብዬ ጻፍኩት።

የሟች እህቴን ልጅ ካዛንቺስ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። አድጎ ኡራኤል አካባቢ የምትኖር ልጅ ወደደ። ሽማግሌ ሆኜ እንድጠይቅለት ለመነኝ። የልጅቷ አባት ኃይለኛ ናቸው፤ ከዚህ በፊት የመጣ ሽማግሌ መልሰዋል ሲባል ሰምቻለሁ። ቀጠሮው ለዳግማይ ትንሣኤ ሆነ።

ለፋሲካ ከጎረቤቶቼ ጋር ተዋጥተን ቄራ በሬ ገዛንና ቅርጫ አደረግን። «ለትልቅ ሰው» ብለው ጉበቱንና ኩላሊቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሁለት ወር ጾሜ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ ዱለቱንም ጠላውንም አልማርኩትም።

በቀጠሮው ዋዜማ የቀኝ እግሬ አውራ ጣት ቀልቶ አበጠ። አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኸኛል። ወለምታ ነው ብዬ ወጌሻ ጠርቼ አሳሸሁት። በቃ፣ ጭራሽ ባሰብኝ።

መቅረት አልችልም፤ ልጁ ሌላ አባት የለውም። ባንዱ እግሬ ጫማ፣ ባንዱ ነጠላ ጫማ አድርጌ፣ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በላዳ ሄድን።

እንደምታውቁት ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ቆምን። ላቤ ይንቆረቆራል። አባትየው እግሬን አተኩረው አዩ። ነጠላ ጫማ አድርጎ መጣ፣ ናቀኝ ሊሉ ነው ብዬ ፈራሁ።

«አውራ ጣትዎን ነው?» አሉኝ።

«ወለም ብሎኝ ነው።»

«አሹት እንዴ?»

«አዎ፣ ወጌሻ።»

«ወይ ጉድ! እኔንም እንደዚሁ አሽተው ሊገድሉኝ ነበር። ይሄ ሪህ ነው። በሉ ይቀመጡ።»

«ጉዳያችን ሳይሰማ?» አልኩ። ጓደኛዬም በክርኑ ጎሸመኝና «ቁም እንጂ፣ ልታበላሸው ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

አባትየው ሰሙት። «ወጉን እናንተ ሁለታችሁ ቁሙለት፤ እሳቸው ይቀመጡ» አሉና ወንበር በእጃቸው አምጥተው ሰጡኝ።

ተቀመጥኩ። ጓደኞቼ ቆመው ተናገሩ። አባትየውም ሰምተው ሲያበቁ «ልማዱ እንመካከር ብሎ ሌላ ቀን መቅጠር ነበር። በዚህ እግር ግን ዳግመኛ አላመላልስዎትም። ልጄም ፈቅዳለች፤ ሰጥቻለሁ» አሉ። እንባዬ መጣ።

ማዕድ ሲቀርብ ጥሬ ሥጋውን ከፊቴ አንስተው «ይሄ ለእኔና ለእርስዎ አይሆንም» ብለው ሽሮ አስመጡልኝ። አብረውኝ በሉ።

ሰኞ ጠዋት ራሳቸው ሐኪም ዘንድ ወሰዱኝ። ደሜ ተመረመረ፤ ዩሪክ አሲድ የሚሉት ነገር በዝቶ መገጣጠሚያዬ ላይ እንደ ስኳር ቅንጣት እየጠጠረ ነው አሉኝ ሐኪሙ። ከጾም በኋላ የሆድ ዕቃውንና ሥጋውን በላይ በላዩ መብላት፣ መጠጡም፣ ውኃ አለመጠጣቴም ቀስቅሶታል። መድኃኒት አዘዙልኝ፤ ሕመሙ ሲተወኝ መድኃኒቱን እንዳልተውም አስጠነቀቁኝ። የሚታሽም አይደለም።

ልጆቹ ተጋብተዋል። እኔም አሁን ውኃዬን እጠጣለሁ፤ ጠዋት ጠዋት በእግሬ ዞር ዞር እላለሁ፤ ሥጋ ለበዓል ትንሽ እቀምሳለሁ። ዱለት ሲሸተኝ ያምረኛል፣ አልዋሽም። ግን እኒያ ሰው መስጠቱም መከልከሉም በእጃቸው ሆኖ ሳለ አስቀድመው ያሰቡት ለእግሬ ነው። ያንን ሳስታውስ ሳህኑን አጠገቤ ላለው ሰው አሳልፋለሁ።