አማቴን ከምኩራብ ደጅ የመለስኩበት ቅዳሜ

ይህ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ክረምት፣ አተት የተባለው አጣዳፊ ተቅማጥ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ነው። የማልረሳው፣ ከማንም በላይ የማከብረውን ሰው ደፍሬ «አይሆንም» ያልኩበት ቀን ስለሆነ ነው።

እኛ ከጎንደር የመጣን የቤተ እስራኤል ሰዎች ነን። ጥቂት ቤተሰቦች ሆነን ጭድ ተራ አካባቢ ተከራይተን ስንኖር፣ አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ ምኩራብ አድርገን ቅዳሜ ቅዳሜ እንጸልይበት ነበር። ጸሎቱን የሚመሩት ቄስ የባለቤቴ አባት ናቸው። ሁላችንም አባባ እንላቸዋለን። እኔ ሰባተኛ ሰፈር ልብስ እሰፋ ነበር።

በሽታው መግባቱ እንደተሰማ ከጤና ጣቢያ አንዲት ሠራተኛ መጥታ አስተማረችን። በሰንበት እሳት ስለማናነድ የመጠጥ ውሃው ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈልቶ እንዲቀመጥ ተስማማን። በሩ ላይ ቧንቧ ያለው በርሜልና ሳሙና ተደረገ፤ ሁሉም ታጥቦ መግባቱን የሚያይ ሰውም እንዲቆም ተባለ። ሁሉም የራሱን ኩባያ ይዞ ይመጣል። ከጸሎት በኋላ አብረን የምንቆርሰው ዳቦም ለጊዜው ቀረ።

አንዳንድ ሽማግሌዎች ቅር አላቸው። «ደግሞ እጃችንን ስንታጠብ ሰው ሊቆምብን ነው?» አሉ።

አባባ ግን «ኦሪቱስ ታጠቡ አይደል የሚለን?» ብለው ዝም አሰኟቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «በሩ ላይ አንቺ ቁሚ። ተቅማጥ የያዘው ሰው ከመጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ መልሺው።»

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። አባባ ዓርብ ማታ የሚያድሩት አዳራሹ ጎን ባለች ትንሽ ክፍል ነው። ከዚያ ሲወጡ ግድግዳውን ተደግፈው አየኋቸው። ዓይናቸው ጎድጉዷል፤ ከንፈራቸው ደርቋል።

«አባባ፣ አመመዎት እንዴ?»

«ቁርጠት ቢጤ ነው። ያልፋል።»

ሊታጠቡ ጀመሩ። ሳይጨርሱ እየተጣደፉ ወደ ሽንት ቤት ሄዱ። ተቅማጡ እንደያዛቸው በዚያች ቅጽበት ገባኝ። ሲመጡ በሩ መሀል ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ዛሬ አይገቡም።»

 ውስጥ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ተነሥተው፣ «ቄሱን ከደጅ የምትመልሺ አንቺ ማነሽ?» አሉኝ። ባለቤቴ መሬት መሬት ያያል።

«እሳቸው ያቆሙኝ ነኝ» አልኩ።

አባባ የተቆጡ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን «ልክ ናት» አሉና ደጁ ላይ ካለው ድንጋይ ቁጭ አሉ።

ሌላ ችግር ተከተለ። ወደ ሕክምና እንውሰድዎት ስንላቸው በሰንበት መኪና አልሳፈርም ብለው እምቢ አሉ። አጠገባቸው ተንበረከክሁ። «ነፍስ ለማዳን ሲሆን ሰንበት ይሻራል ብለው ያስተማሩን እርስዎ ነዎት» አልኳቸው። እጃቸውን ወደ ልጃቸው ትከሻ ዘረጉ፤ እኛም ደግፈን አነሣናቸው።

ፊት ለፊታችን የፕላስቲክ ዕቃ የሚያከፋፍሉት ሐጂ ከድር ሱቃቸውን እየከፈቱ ነበር። ነገሩን እንዳዩ ፒካፓቸውን አስነሡ። ወንበሩ ላይ ላስቲክ አንጥፈው፣ «ነይ ልጄ፣ ቶሎ በይ» አሉኝ። ለበሽታው ወደተተከለው የሕክምና ድንኳን እስክንደርስ አባባ መናገር አቅቷቸው ነበር። ወዲያው ግሉኮስ ተሰካላቸው። ነርሷ አተት መሆኑን ነግራን፣ «በጊዜ አምጥታችኋቸዋል» አለች። እኔና ባለቤቴ እርስ በርስ ተያይተን አለቀስን።

ሐጂ እኛን አድርሰው እንደተመለሱ፣ «ሰንበታቸው ነው፤ ሥራ አይሠሩም» ብለው የራሳቸውን ሠራተኞች ልከው ሽንት ቤቱንና ክፍሏን በበረኪና አሳጥበውልናል። ይህን የሰማነው ማታ ስንመለስ ነው።

ያን ሳምንት ሁላችንም ሆዳችንን እያዳመጥን ሰነበትን። ልጅ ሲያለቅስ ሁሉ እንደነግጣለን። ሳምንቱ አለፈ፤ ቀጣዩም አለፈ። ከጉባኤው አንድም ሰው አልታመመም።

አባባ ከስተው፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው የተመለሱበት ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። በሩ ላይ ቆመው ሳሙናውን ከእጄ ተቀበሉና ቀስ ብለው እስከ ክንዳቸው ታጠቡ። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ይህች ልጅ ባትመልሰኝ ኖሮ እኔም እሞት፣ እናንተንም አስከትል ነበር። በዚህ በር ላይ የእሷ ቃል የእኔ ቃል ነው።»

ሴቶቹ እልል አሉ። ያን ዕለት የተቆጡኝ ሽማግሌ መጥተው ራሴን ሳሙኝና እጃቸውን ለመታጠብ ተሰለፉ።

በተፈጥሮዬ ዓይን አፋር ነኝ። ዛሬም ትልቅ ሰው ፊት ቀና ብዬ መናገር ይከብደኛል። በእኛ ቤት ራስን ማሞገስም አይወደድም። ግን አባባ የልጅ ልጆቻቸውን ሰብስበው ሲያስተምሩ ከጓዳ ድምፃቸውን በሰማሁ ቁጥር፣ ሥራዬን አቁሜ ለብቻዬ እኮራለሁ።