ፋሪሃና የራሷ ድምፅ

ካርቱም ውስጥ ፋሪሃን የማታውቅ ሐበሻ ካለች፣ ወይ ትናንት የገባች ናት፣ ወይ ስልክ የላትም። መልኳን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው፤ ድምፅዋን ግን ሁሉም ያውቀዋል። ቡሪ ሰፈር ውስጥ አንዲት አሮጊት ቤት ትሠራለች፤ ከወሎ ከወጣች አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አረብኛውን እንደ ሱዳኖቹ ስለምትሰማው፣ ስለ ኢቃማ፣ ማለት ስለ መኖሪያ ወረቀታችን የተነገረውን ሁሉ ወደ አማርኛ መልሳ በዋትሳፕ ግሩፓችን በድምፅ ትልክልን ነበር። አብዛኞቻችን ንባብ ላይ ደካሞች ነን። ጋዜጣችንም ራዲዮናችንም እሷ ነበረች።

ግሩፑን የከፈትኩት እኔ ዘኪያ ነኝ። ጀሪፍ ሰፈር ተቀምጬ የሰው ልብስ እያጠብኩ አራት መቶ ሴት አስተዳድራለሁ፤ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሕጌ አንድ ነው፦ የወረቀት፣ የአፈሳና የመርዶ ወሬ ብቻ፤ ስለ መንግሥት ያወራች ትወጣለች። ፈርቼ ነው። ያልፈራ ማን አለ?

ፋሪሃ አንድ ልማድ ነበራት። የሰማችውን "እንዲህ ይላሉ" ብላ ታልፈዋለች፤ በዓይኗ ያየችውን ብቻ "ወላሂ" ብላ ትምላለች። የኢቃማው መስሪያ ቤት ዛሬ ያለውን ነገ ሲሽር፣ አንዱ የፌስቡክ ገጽ ሲያስተባብል፣ ሌላው ገጽ ማስተባበያውን ሲያስተባብል፣ ራሳችን ይዞርብናል። ያኔ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነበር፤ ፋሪሃ ምላለች ወይስ አልማለችም?

ሌላም ልማድ አለን፤ ይኼኛው የሁላችንም ነው። ኬላ ላይ ወታደሮች ስልክ ስለሚፈትሹ፣ ከቤት ስንወጣ በግሩፑ የተላከውን ሁሉ ከስልካችን እናጠፋለን። ኬላውን ካለፍን በኋላ ቤት የቀረች አንዷ የሚያስፈልገንን መልሳ ትልክልናለች። መልሳ የላከችው ድምፅ መቼ እንደተነገረ ግን አይታወቅም፤ የካቻምናው ከዛሬው ጋር ተደባልቆ ይመጣል። ይህን ቀድሞ ያሰበው ሰው አልነበረም፤ እኔም ጭምር።

ባለፈው ወር አንድ ረቡዕ ጠዋት አንዷ የላከችልኝ የፋሪሃ ድምፅ ስልኬ ላይ መጣ። "እህቶች፣ ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ። አል-ሳሃፋ ካርድ እየሰጡ ነው፣ በነፃ ነው። ጀዋዛችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ያላ፣ ቶሎ በሉ!" ጀዋዝ የምንለው ፓስፖርቱን ነው፤ ካርዱ ደግሞ የኢቃማው ነው። ደስ አለኝ። አል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ በቅርቡ፣ ድሮ ሱቅ በነበረ ቤት፣ ባንዲራ የተሰቀለበት መስኮት ተከፍቶ ነበር። የመንግሥት ነው የሚሉም፣ አይደለም የሚሉም ነበሩ። ፋሪሃ ከማለችማ አለቀ ብዬ ለሁሉም አስተላለፍኩት።

የፋሪሃ አክስት ልጅ ሉጥፊያ ያን ድምፅ ሰምታ ነው የወጣችው። እናቷ ታማባት በወሩ መጨረሻ ወደ አገር ልትገባ ተዘጋጅታለች። ካርድ ከሌላት በየኬላው ያስቸግሯታል፤ ፓስፖርቷ ከጠፋ ደግሞ ጭራሽ መሄድ የለም። ከሰልፉ ሆና ለፋሪሃ ደወለች።

"እታለም፣ አብሽሪ፣ ባልሽው መሠረት አል-ሳሃፋ ነኝ።"

"ምን አልኩ እኔ?"

ሉጥፊያ ድምፁን ላከችላት። ፋሪሃ በኋላ እንደነገረችኝ፣ መጀመሪያ ስትሰማው ራሷም አምናው ነበር። "እኔ ካልኩትማ እውነት ነው ብዬ ነጠላዬን ፈለግሁ" አለች። ቀጥሎ ከድምፁ ኋላ የሕፃን ለቅሶ ሰማች። የድሮ መዳሟ፣ የአሠሪዋ ልጅ ነው። እነዚያ ሰዎች ጦርነቱ እንደተነሳ ካይሮ ገብተዋል። ያኔ ካርዱን የሚሰጠው እዚያው አል-ሳሃፋ ያለ ሌላ ቢሮ ነበር፤ እሱም ከጦርነቱ ወዲህ ተዘግቷል።

ሪክሻ በሚሉት ባጃጅ በርራ ደረሰች። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ ፓስፖርት እየተቀበለ ጆንያ ውስጥ ይጨምራል፤ ወረቀት አይሰጥም። ሉጥፊያ ፊት አራት ሴቶች ቀርተዋል። ፋሪሃ እጅጌዋን ይዛ ከሰልፉ አወጣቻት።

"ይኼ የድሮ ወሬ ነው፣ እንዳትሰጪ!"

"አሁንስ እየሰጡ አይደለም?"

"አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? ምለሽ የለ?"

"ያኔ ነው የማልኩት፣ የኔ አበባ! ያኔ!"

ሉጥፊያ ግራ ተጋብታ ፓስፖርቷን ደረቷ ላይ አጥብቃ ቆመች። ሌሎቹም እንዲሰሙ ፋሪሃ ስልኳን አወጣችና ለግሩፑ ተናገረች። "እኔ ፋሪሃ ነኝ። ያ ድምፅ የኔ ነው፣ ግን የድሮ ነው። አሁን በሩ ላይ ነኝ። ካርድ ይስጡ አይስጡ አላውቅም። መንግሥት ይሁኑ አይሁኑም አላውቅም። ለጊዜው አትስጡ።"

እኔ ጀሪፍ እጄ ሳሙና እንደሆነ ሰማሁት። ድምፁ ጎርናና ነው፤ ኋላው ጫጫታ ነው፤ መሐላ የለውም። ደግሞም ፋሪሃ "አላውቅም" ስትል ሰምቼ አላውቅም። ያን ሰሞን ስልክ የሰው ድምፅ አስመስሎ ይሠራል፣ በዚያ እያታለሉ ነው ይባል ነበር። ከታች ሴቶቹ መጮህ ጀመሩ፤ "ይቺ ፋሪሃ አይደለችም!" "መንግሥት አይደሉም እያለች ልታስጨርሰን ነው!" "አውጪያት!" ልቤ ሁለት ሆነ። ደውዬ መጠየቅ እችል ነበር፤ ሸበካውም፣ ኔትወርኩ ማለቴ ነው፣ ይሠራ ነበር። አልደወልኩም። እጄን በቀሚሴ አብሼ አስወጣኋት።

እዚያ በሩ ላይ ሉጥፊያ ስልኳን አየች፤ "ዘኪያ ፋሪሃን አስወጣች" ይላል። ቀና ብላ ፋሪሃን አየቻት፤ ከልጅነቷ የምታውቃት፣ አጠገቧ የቆመች፣ በሥጋና በአጥንት ያለች ፋሪሃን። መልሳ ስልኩን አየች።

"ዘኪያ እኮ ያለ ምክንያት አታስወጣም" አለች። ሰልፉ ውስጥ ተመልሳ ገባች። ፋሪሃ እየጠራቻት፣ ፓስፖርቷን በመስኮቱ ሰጠች።

ወሩ አለቀ። የሉጥፊያ እናት ከሞተች አሥራ ሁለት ቀኗ ነው፤ መርዶውን በግሩፑ ያሰማሁት እኔው ነኝ። ሉጥፊያ በየሁለት ቀኑ መስኮቱ ድረስ እየሄደች "ቡክራ፣ ነገ" ተብላ ትመለሳለች።

ፋሪሃ እየደወለች "ዘኪያ፣ መልሺኝ እንጂ" ትለኛለች። በአንድ ጣት የሚሠራ ነገር ነው። ግን ብመልሳት ለምን አስወጣሻት ይሉኛል፤ ተሳሳትኩ ካልኩ ደግሞ ከእንግዲህ ማን ይሰማኛል? ስለዚህ በደወለች ቁጥር፣ "ቡክራ፣ ኢንሻአላህ" እላታለሁ።