የእናቴ ጎታና የውሻ ምግብ ማስቀመጫው

ትሕትና ያምራል ይላሉ። ያምር ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህ ነገር ላይ ትሑት መሆን አልችልበትም። አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ የሚያሳድጉ ሰዎች ቤት ከገባችሁ፣ ሦስት ሆነው የተደራረቡ ግራጫ የፕላስቲክ ዕቃዎች ታዩ ይሆናል። ክዳናቸው ከራሳቸው ጋር የተያያዘ ነው፤ የሚከፈቱትም በፊት ለፊት ነው። የውሻ ምግብ ይቀመጥባቸዋል። የነደፍኳቸው እኔ ነኝ።

የምሠራው ኮምቦልቻ፣ አንድ የፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የምኖረው ደሴ ስለሆነ ጠዋት በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ቁልቁል እወርዳለሁ፣ ማታ ሽቅብ እመለሳለሁ። ስድስት ዓመት ማሽን ላይ ቆሜ ባልዲ፣ ሳፋና ጄሪካን አውጥቻለሁ። ጎን ለጎን ኮሌጅ ገብቼ በማታ ንድፍ ተማርኩና ወደ ወርክሾፑ አዛወሩኝ። እዚያም ቢሆን ሥራዬ ጥገና ነበር። ሞልድ የምንለው፣ የቀለጠው ፕላስቲክ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ፣ ሁልጊዜ ከውጭ አገር ነበር የሚመጣው። የምናመርተው ሁሉ ሌላ ሰው ያሰበው ነበር፤ ይኼ ነገር ሁሌም ያንገበግበኝ ነበር።

አንድ ቀን ውሻ የሚያረባና ምግባቸውን የሚሸጥ ደንበኛ ከአዲስ አበባ ደወለ። የሚፈልገው ዕቃ ተሠርቶ የሚሸጥ ሞልድ የለውም። ሦስቱ የሚደራረቡ ይሁኑ አለ፤ የገዢዎቹ ቤት ጠባብ ነው። ክዳኑ ደግሞ ከዕቃው እንዳይለይ፤ ውሾቹ ክዳን እያነሱ ይጫወቱበታል። ሥራ አስኪያጃችን አስጠሩኝ።

«ትችያለሽ?» አሉኝ።

«እችላለሁ» አልኳቸው፣ ሳላስብ።

«እንግዲህ ስሚ። ያለን የብረት ብሎክ አንድ ነው። ካበላሸሽው በዚህ ግቢ ውስጥ ንድፍ የሚባል ነገር ዳግመኛ አይነሳም። አንቺም ወደ ማሽንሽ ትመለሻለሽ።»

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ፍርሃቱ የመጣው ሚኒባሱ ሐረጎን ሲያጋምስ ነው።

እናቴ የምትኖረው ከደሴ አጠገብ፣ ገራዶ ነው። አባቴ ወደ አኺራ ከሄደ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ ጎረቤቱ ግን እቤቷ አይጠፋም። በመጀመሪያው እሑድ ሄጄ ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ነገር ልሠራ ነው ስላት ፊቷ በራ። ምን እንደሆነ ስትሰማ ግን ጎረቤት እንዳይሰማ በሩን ገርበብ አደረገችው።

«ለውሻ?» አለች። «ያ አላህ! ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ ይታጠባል። አንቺ ለሱ መሶብ ልትሠሪለት ነው የተማርሽው?»

«መሶብ አይደለም እማ፣ ማስቀመጫ ነው።»

«ፍርፋሪ ምን ማስቀመጫ ይሻል? ይጣልለታል፣ ይበላል።»

በሳምንቱ አንዲት ጎረቤት «የዱቄት ዕቃ ልትሠሪ ነው አሉ፣ ማሻ አላህ» ስትለኝ እናቴ ምን እንዳወራች ገባኝ። አልተቃወምኩም። ከፍቶኝ ነበር ግን።

እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ውሻ ምግብ እኔም ከእናቴ የተሻለ አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ውሻ ግቢ የሚጠብቅ፣ አጥንትና የእንጀራ ጥራጊ የሚበላ ነው። እንዲህ ያለው ምግብ ደግሞ ታፍኖ ካደረ ይሸታል። ስለዚህ በመጀመሪያው ንድፌ ላይ በሁለቱም ጎን ቀጫጭን የአየር መውጫዎች አደረግሁ፤ ብልሃተኛነቴንም በልቤ አደነቅሁ። ደንበኛው ንድፉን ሊያይ ሲመጣ አንድ ከረጢት ናሙና ይዞ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። ደረቅ፣ ድቡልቡል፣ ቡናማ ነገር።

አብራኝ የምትሠራ የሐርቡ ልጅ አለች፤ አፏም እጇም ፈጣን ነው። እኛ ገና ስናይ እሷ እፍኝ አንስታ ቃም አደረገች።

«ዳቦ ቆሎው ጨው አንሶታል» አለች እያኘከች።

ደንበኛው ደነገጠ። «እሱ እኮ… የውሾቹ ነው።»

«አስተግፊሩላህ! የምን ሥጋ አለበት?»

ከረጢቱን ገልብጦ አነበበ። በቆሎና ዓሣ ነበር።

«ዓሣ ከሆነማ ሐላል ነው፤ አብሽሩ» ብላ አፏን ጠረገች። ሥራ አስኪያጁ እንኳ ሳቁን መያዝ አልቻሉም። እኔ ግን አልሳቅሁም። ያ ደረቅ ነገር አየር ካገኘ ይረጥባል፣ ነቀዝም ያገኘዋል። የአየር መውጫዎቼ ምግቡን ሊያበላሹት ነበር። እዚያው ፊታቸው ላጲስ አንስቼ አጠፋኋቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ንድፍ በደንብ ሠራሁት። ክዳኑ ከላይ፣ በቀጭን የፕላስቲክ ማጠፊያ ከአካሉ ጋር የተያያዘ። አናቱ ላይ ዙሪያውን ጠርዝ፣ ከሥሩ ደግሞ እዚያ ጠርዝ ውስጥ የሚገጥም እግር። ሁሉም አዩት፣ ሁሉም ወደዱት። ዓርብ ዕለት ነዳፊ በሚለው ቦታ ላይ ፈረምኩ። ሰኞ ብረቱ ሊቆረጥ ነው።

ቅዳሜና እሑድን ገራዶ ዋልኩ። ከካርቶን ሦስት ሞዴሎች ሠርቼ ነበርና የእናቴን በቆሎ ሞልቼ ደረደርኳቸው። ቀጥ ብለው ቆሙ። ገፋ አደረግኳቸው፣ አልተነቃነቁም። እናቴ የውሻውን ነገር ባትወደውም ሥራዬን ማየት ትወዳለች፤ ዱካ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ስታይ ቆየችና ጠየቀችኝ።

«ከታችኛው ስትፈልጊስ?»

«ሁለቱን አነሳና…»

«ሞልተው?»

«አዎ፣ ሞልተው።»

«እኔ አሮጊቷም?»

ሳቋን ለቀቀችው። «ኸረ ልጄ! ለማስቀመጥ ብቻ ነው ወይ የሠራሽው? ሰው እህሉን ሊበላውም ይሻል እኮ!»

ፊቴ ጋለ። ስሕተቱ እንዴት እንዳመለጠኝ አሁን አውቀዋለሁ። ፋብሪካ ውስጥ መደርደር ማለት መኪና እስኪመጣ መጋዘን ውስጥ ማቆለል ነው፤ የተደረደረን ዕቃ ማንም አይከፍትም። እኔም፣ አለቆቼም፣ ወርክሾፑ በሙሉ ያሰብነው እንደዚያ ነበር። ማንኛችንም ዕቃውን ቤቱ አስገብቶ እንደሚጠቀምበት ሰው አላየነውም።

እናቴ በአገጯ ወደ ጥጉ አመለከተች። እዚያ ያለው የጭቃ ጎታዋ ነው፤ እኔን አርግዛ ሳለች በገዛ እጇ ያቆመችው። ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክታ፣ አንዱ ዙር ሲጠነክር ሌላውን እየደረበች ከቁመቷ በላይ አድርሳዋለች። እህሉ በአናቱ ይገባል፤ የሚወጣው ግን ከታች፣ ጨርቅ በተወተፈባት ቀዳዳ ነው። ጎታ ውስጥ ያለውን እህል ለማግኘት ማንም ምንም አያነሳም። ከተወለድኩ ጀምሮ እዚያው ቆሞ ነበር፤ እኔ ንድፍ ፍለጋ ኮሌጅ ሄድኩ።

ወለሉ ላይ ተቀምጬ እንደገና መንደፍ ጀመርኩ። ክዳኑን ከአናት አውርጄ ወደ ፊት ግድግዳው ላይኛ እኩሌታ አመጣሁት፤ ከግርጌው ታጥፎ ወደ ፊት የሚወርድ በር ሆነ። እህሉ እንዳይፈስ የውስጡን ወለል ጥቂት ወደ ኋላ አዘነበልኩት። ቀጥሎ ሌላ ጣጣ መጣ። በሩን በምን ይዞ መክፈት ይቻላል? እጀታ ባወጣለት ጎን ለጎን ሲጫን ይሰበራል። ተነስቼ ጎታው ፊት ተንበረከክሁ። ከቀዳዳዋ ጠርዝ ላይ አንዲት ስርጉድ ነገር አለች። ጭቃው ሳይደርቅ እናቴ አውራ ጣቷን የተጫነችባት ናት፤ ዛሬም ውታፉን ስታወጣ ጣቷ እዚያ ነው የሚያርፈው። እሷ ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ተነስታ ስለነበር የልኬት መሣሪያዬን፣ ካሊፐሩን፣ ከቦርሳዬ አውጥቼ ስፋቷን፣ ጥልቀቷን፣ ወደ ግራ ማዘንበሏንም ሳይቀር ለካሁ።

ሰኞ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ደረስኩ።

«የፈረምኩበት ንድፍ ስሕተት ነው» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ፈርመሻል እኮ።»

«ፈርሜያለሁ። ተሳስቻለሁ።»

«ዛሬ ላንቺ ከፈቀድኩ ነገ ሁሉም የፈረመውን ልቀይር ይላል። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል።»

«ብረቱ ገና አልተነካም። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ? ከተቆረጠ በኋላ ቢሆን እኔም አፍሬ ዝም እል ነበር።»

ሦስቱን ካርቶኖች እስክሪፕቶና ወረቀት ሞልቼባቸው ጠረጴዛቸው ላይ ደረብኩና፣ ከታችኛው አንድ እስክሪፕቶ ያውጡ አልኳቸው። ሁለቱን ሊያነሱ ሲታገሉ ካርቶኖቹ ተናዱ፣ ወረቀቱ ወለሉን ሞላው። ጎንበስ ብለን አብረን ለቀምን። ቀና ሲሉ «እስከ ሐሙስ» አሉ።

ሐሙስ ንድፉ አለቀ። አንድ ነገር ብቻ አላስደሰታቸውም፦ በሩ ላይ ያደረግኋት የእናቴ ጣት ስርጉድ። «ለምን ጠመመች? አቅኚያት» አሉ። «አላቀናትም» አልኩ። እንዲህ ብዬ መልሼላቸው አላውቅም። ምን እንዳዩብኝ እንጃ፣ ተዉኝ።

ብረቱን ስንቆርጥ ሰነበትን። ማጠፊያውን ሆን ብዬ አቅጥኜ ነበር የጀመርኩት፤ ማጠፊያውን ለማወፈር ከሞልዱ ብረት መፋቅ ይበቃል፣ የተፋቀ ብረት ግን አይመለስም። የመጀመሪያው ዕቃ ማጠፊያ ተቀደደ። ጥቂት ፋቅን። ሁለተኛውም ተቀደደ፣ እንደገና ፋቅን። ሦስተኛውን የሐርቧ ልጅ ቆጥራ ደጋግማ አጠፈችው፤ ቁጥሩ ጠፍቶባት ተወችው፣ እሱ ግን ደህና ነበር። ሦስቱን የውሻ ምግብ ሞልተን ደረብናቸው። ደንበኛው ስልክ እያወራ መጣና፣ ወሬውን ሳያቋርጥ፣ ሳያይ፣ አውራ ጣቱን ስርጉዷ ውስጥ አስገብቶ የታችኛውን ከፈተ። ያን ጊዜ ከማሽኑ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። የደስታ ነበር፤ ማንም ስላላየኝ እንጂ አልደብቀውም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ የቀጣዩን ትእዛዝ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠውልኝ አለፉ።

ከመጀመሪያው ምርት ሦስት ይዤ ገራዶ ሄድኩ። እናቴ አዲስ ናቸው ብላትም ለማንኛውም ብላ አጠበቻቸው። ከዚያ ምስርና ሽንብራዋን ሞላችባቸው፣ ደረበቻቸው፣ ራቅ ብላ አየቻቸው። ጎንበስ አለችና የታችኛውን ልትከፍት እጇን ሰደደች። አውራ ጣቷ ስርጉዷ ውስጥ ገባ፤ ሞላት፣ ወደ ግራም እንደ እሷው አዘነበለ። በሩን ሳትከፍት ቀረች። ቀና ብላ ጎታውን አየች፣ መልሳ ዕቃውን አየች።

«ሁሉም ላይ አለ?» አለችኝ።

«ሁሉም ላይ።»

ጣቷን ቶሎ አላወጣችውም።

ያቺው ጎረቤት ከደጅ ሰላምታ ሰጥታ ገባች። ዕቃዎቹን ስታይ «ማሻ አላህ፣ ይኼ ነው የዱቄቱ ዕቃ?» አለች። እኔ አዎ ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ።

«የውሻ ምግብ ማስቀመጫ ነው» አለች፣ ቀጥ ብላ ቆማ። «እኔና ልጄ ነን የሠራነው።»