በሁለት ብሎን የተወጣሁት ቂም

ይህ የሆነው ሚሌኒየሙ ከተከበረ ብዙም ሳይቆይ፣ እኛ አገር ቀየት ላይ ስልክ ለመደወል ኮረብታ መውጣት ግድ በነበረበት ጊዜ ነው። ቂም ኃጢአት መሆኑን ቄሱ ሁልጊዜ ይነግሩናል። ይህችን አንዷን ግን እግዜርም እየሳቀ የሚያልፋት ስለሚመስለኝ እስከ ዛሬ በደንብ ጠብቄ ይዣታለሁ።

ሰው የምጭንባት አንዲት ፒካፕ ነበረችኝ። የሚስቴ ወንድም ሸዋንግዛውም የእኔዋ መንትያ የምትመስል ፒካፕ ነበረችው። አንድ ሰሞን ጉንፋን ጥሎኝ ሳለ መጣና «የኔዋ ታማብኛለች፤ ያንተን ለአንድ ቀን አውሰኝ» አለኝ። አማች አይደል፣ ቁልፉን ሰጠሁት።

በማግስቱ የእሱ ዳነች፤ የእኔ ታመመች።

ነዳጅ ስሰጣት መጀመሪያ ታኮርፋለች፤ ከዚያ ድንገት ትፈናጠራለች። የጓሳን ዳገት እንዲያ እየዘለለች ስትወጣ የጫንኳቸው በጎች ሳይቀሩ ያማትቡ ነበር። ካንዴላ ቀየርኩ፣ ፊልትሮ አጸዳሁ፣ ቤንዚኑን ደፍቼ አዲስ ሞላሁ። ባለቤቴ ቡዳ ነው ብላ ጸበል ረጨቻት። የባሰውን ዘለለች።

ሸዋንግዛው ደግሞ ገበያ መሃል ቆሞ የወርቅ ጥርሱን እያብለጨለጨ «እስክስታ መማር የሚፈልግ የአማቼ መኪና ላይ ይሳፈር! ወገቡን የሚወድ ወደኔ!» እያለ ተሳፋሪዎቼን ይጠራል።

ይህንንም ቻልኩት። ያልቻልኩት የታላቅ እህቴን ነው። ልጇን ልትድር ቀን ቆርጣለች። ልጁ ገና ክርስትና ሳይነሳ ጀምሮ «ሚዜህ ማንም ይሁን፣ ነጂህ እኔ አጎትህ ነኝ» እያልኩ ነው ያሳደግሁት።

«እትዬ፣ እስከ እሁድ አስተካክላታለሁ» ብላት፣

«ልጄን ሰፌድ ላይ እንዳለ ገብስ ልታንገዋልልብኝ ነው? ለሸዋንግዛው ነግሬዋለሁ፤ አበቃ!» አለችኝ።

ደብረ ብርሃን አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ ዘንድ ወሰድኳት። ኮፋኖዋን ከፈተና የክብሪት ቀፎ የምታህል ሴንሰር ሽቦ ላይ ቴስተሩን ሰክቶ «ነዳጁን ቀስ እያልክ ርገጥ» አለኝ። ቁጥሩ በዝግታ መውጣት ሲገባው መሃል ላይ ጥፍት ይላል፤ ከዚያ ዘሎ ይነሳል።

«ነዳጁን ምን ያህል እንደረገጥክ ለሞተሩ ኮምፒውተር የምትነግረው ይህች ናት። ውስጧ ተበልቷል፤ ትዋሻለች» አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አያት። «ቆይ እንጂ! ይህን ቀይ የጥፍር ቀለም የቀባሁባት እኮ እኔ ነኝ! ለዚያ ለቀየቱ ሰውዬ፣ ለባለ ወርቅ ጥርሱ፣ ‹አልቆላታል ቀይራት› ብዬው ነበር።»

ቀየት ውስጥ ባለ ወርቅ ጥርስ አንድ ሰው ብቻ ነው። ደሜ ከመፍላቱ የተነሳ ባቄላ ቢጣልበት ይበስል ነበር።

«አዲሷ ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ሠርጉ ያልፍብሃል» አለኝ ሠሪው።

«ግዴለም፣ የኔዋ የት እንዳለች አውቄያለሁ» አልኩት።

እሁድ ጠዋት ሸዋንግዛው መኪናውን በሪባን አስጊጦ ከዳሱ ጀርባ፣ ከእኔዋ አጠገብ አቆማትና ሊበላ ገባ። ሳህኑን ሞልቼ ያቀረብኩለት እኔው ነኝ። «ብላ እንጂ፣ መንገዱ ሩቅ ነው!» እያልኩ ወጥ አስጨመርኩለት። እሱ ሲጎርስ እኔ ካቻቪቴዬን ይዤ ውልቅ አልኩ። ሁለት ብሎን ከእሱ፣ ሁለት ብሎን ከእኔ። ሴንሰሮቹ እያንዳንዳቸው ወደ ባለቤታቸው ተመለሱ።

ሙሽራውና ሚዜዎቹ መኪናዋ ውስጥ ገቡ፤ እልልታው ቀለጠ። የሸዋንግዛው መኪና አንዴ አኮረፈች። ከዚያ ተፈናጠረችና የሚዜዎቹን አናት ከጣሪያው አጋጨችው። እህቴ «ልጄን! ልጄን አውርዱልኝ!» ብላ ጮኸች።

ሸዋንግዛው ወርዶ ኮፋኖውን ከፈተ። ቀዩን ቀለም አየ። ቀና ብሎ እኔን አየ።

«ምነው ሸዋንግዛው፣ የጠፋብህ ዕቃ አለ እንዴ?» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። «ካለ ተናገር! ሽማግሌ ሞልቷል፤ አውጫጭኝ እንቀመጥና ሌባው ሳይለይ ማንም ቤቱ አይገባም።»

«ምንም... ምንም አልጠፋብኝም» አለ፤ ኮፋኖውን ቶሎ እየከደነ።

«አንተ ደግሞ ምን ገትሮሃል? ልጁን አሳፍር እንጂ!» አለችኝ እህቴ። ሙሽራዬን ይዤ ዳገቱን ቅቤ እንደተቀባ ሁሉ ሰተት ብዬ ወጣሁት።

እስከ ዛሬ ሸዋንግዛውም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት። አማች ነውና በየበዓሉ እቤቴ ይመጣል። ሁልጊዜ የሚቀመጠው በበሩ በኩል መኪናው የምትታየው ቦታ ላይ ነው። እኔም ጥሩ ጥሩውን አስቀርብለትና ገና አንድ ሁለት ጊዜ እንደጎረሰ «እስቲ አንዴ መጣሁ» ብዬ ወደ ውጭ ብድግ እላለሁ።