ከሞዴል ፈተናው ማግስት የጠፉት ልጆቻችን

ልጄ ስምንተኛ ክፍል የደረሰችው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የአገሩን ወላጅ ሁሉ ባስደነገጠ ማግስት ነው። ጅግጅጋ ውስጥ በየመሥሪያ ቤቱ የሚወራው ይኸው ብቻ ነበር። እኔ በምሠራበት ቢሮ «ችግሩ ከሥር ነው፤ ልጆቹ ከአንደኛ ደረጃ ባዶ እጃቸውን ነው የሚወጡት» ሲባል እሰማና፣ ማታ ልጄ እራት ስትበላ ሰርቄ አያታለሁ። ባለቤቴ የጅቡቲ ድንበር ላይ ባለችው ደወሌ ከተማ፣ ጉምሩክ ነው የሚሠራው። ወደ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ስለሆነ ፍርሃቴን የማካፍለው ሰው አጠገቤ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ካለፈው ዓመት ክልላዊ ፈተና ላይ አንድ የሳይንስ ጥያቄ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ምላሷ ሳይያዝ አነበበችው።

«ምን ማለት ነው?» አልኳት።

«መልሱ ሲ ነው።»

«መልሱን አይደለም። ጥያቄው ምን ይላል?»

ወረቀቱን መልሳ አየችው። ከዚያ በትንሽ ድምፅ፣ «አላውቅም እማዬ። ቲቸር ግን ሲ ነው ብሎናል» አለችኝ።

እስከ ስድስተኛ የተማረችው በአማርኛ ነበር። ከሰባተኛ ጀምሮ መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ሆነ። ስለ ደም ዝውውር በአማርኛ ስጠይቃት፣ እጇን እያወናጨፈች ከልብ እስከ ሳንባ አስረዳችኝ። ያው ነገር በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ግን አታውቀውም። ላግዛት ብዬ ጥያቄውን ደጋግሜ አነበብኩት። አሥረኛ ክፍል ላይ ላቆመች እናት ግማሹ ድፍን ነው።  ፈተናው ሰኔ ላይ ነው፤ እኛ ያለነው መጋቢት ውስጥ ነበር።

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ሶማሌ ናት፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች። «አባዮ» ነው የምትለኝ፣ እህቴ ለማለት። የሷ ልጅ እስከ ስድስተኛ በሶማልኛ ተምራ፣ ሰባተኛ ላይ ከኔዋ ጋር አንድ ክፍል ገባች። ሁለቱ ልጆች አይለያዩም፤ የሷ ልጅ አማርኛ የለመደችው ከኔዋ ነው። የኔን ጭንቀት ስነግራት ጎረቤቴ ልጇን ጠርታ ያንኑ ጥያቄ ሰጠቻት። ልጅቷም «ሲ» አለች።

ሰኞ ዕለት ሁለታችን መምህሩ ዘንድ ሄድን። ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ይቆጣናል ብዬ ነበር፤ አልተቆጣም።

«እናቶቼ፣ እኔም እፈራለሁ» አለን። «በእንግሊዝኛ ብቻ ሳስተምር ለማንም አይገባም። በአማርኛ ሳብራራ የክፍሉ ግማሽ ይጠፋብኛል። ሶማልኛ ደግሞ አልችልም።»

«ታዲያ ልጆቹ ምን ይሁኑ?» አለችው ጎረቤቴ።

ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አሁን የማደርገው እንዲሸመድዱ ነው። ሌላውን ለማስተማር ጊዜው አልቋል።»

ከዚያ ወዲያ እኛ እናቶች የምናውቀውን አደረግን። ቴሌቪዥን ተዘጋ። ገመድ ዝላይ ቀረ። ልጆቹ አንድ ቀን በኔ ቤት፣ አንድ ቀን በጎረቤቴ ቤት ይሸመድዳሉ፤ እኛ በየተራ ደጃፍ ላይ እንቀመጣለን። ስልቹ ፊት ባየን ቁጥር «ብትወድቂ ምን እንደሚውጥሽ ታውቂያለሽ?» እንላለን፤ እሷ በሶማልኛ፣ እኔ በአማርኛ። ልጄ ምግብ እየቀነሰች መጣች። ማለዳ ማለዳ ሆዴን ትላለች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ምንም አልተገኘባትም።

ግንቦት ላይ የሞዴል ፈተናው ውጤት ተነገረ። ሁለቱም ወደቁ። ልጄ አላለቀሰችም። ዩኒፎርሟን አጥባ አሰጣች፤ በማግስቱ ጠዋት ለብሳው ወጣች።

ለምሳ አልመጣችም። ትምህርት ቤት ስሮጥ ዘበኛው «ዛሬ አልገቡም፤ ሁለቱም» አለኝ። ወደ ገበያ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። ጎረቤቴ ፊቴን ስታይ የምትለካው ጨርቅ ከእጇ ወደቀ።

እዚህ አገር የልጅ መጥፋት አንድ ስም አለው፤ ተህሪብ ይሉታል፣ ወጣቶች በድብቅ ድንበር ተሻግረው ወደ ባሕር የሚሄዱበት መንገድ። ሁለታችንም ያሰብነው እሱን ነው፤ ሁለታችንም ቃሉን ከአፋችን አላወጣነውም። መናኸሪያውን ዞርን፤ ለፖሊስ አመለከትን። ለባለቤቴም ደወልኩለት። ኋላ ደግሞ ደወለና፣ «ባቡር ጣቢያው ላይ ቆሜያለሁ፤ የምትወርደውን ልጅ ሁሉ እያየሁ ነው» አለኝ። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር።

ጎረቤቴ የምታውቃቸውን ሾፌሮች ሁሉ በስልክ ትጠይቃለች። ሶማልኛዋ ፈጥኖብኝ ስለማልከተለው ፊቷን ነበር የማነበው። በመጨረሻ ዓይኖቿ ፈጠጡ። አንዱ ሾፌር ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሴት ልጆች ጠዋት ወደ ሀርሺን በሚሄድ መኪና ሲሳፈሩ አይቷል።

«ወንድሜ እዚያ ነው፤ ከብትና ግመል አለው» አለችኝ። «ግን አባዮ፣ ካለበት ቦታ ኔትዎርክ የለም። ደርሰው ይሁን፣ ሳይደርሱ...» አልጨረሰችውም።

ላንድክሩዘር ተገኘ። ቀብሪ በያህን አልፈን ሜዳው ላይ ስንወጣ፣ እሷ ቁርአኗን በልቧ ትቀራለች፣ እኔ እመቤቴን እለምናለሁ። መንገድ ዳር የቆመ ቁጥቋጦ ሁሉ ሰው ይመስለኝ ነበር። እጇ እጄ ውስጥ ነበር።

የወንድሟ መንደር የደረስነው ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘቀዝቅ ነው። የወንድሟ ሚስት ከጎጆዋ ወጥታ እየሳቀች ተቀበለችን። «ልጆቹ? አዎ፣ መጥተዋል። ውሃ ሊቀዱ ቢርካው ጋ ሄደዋል» አለች።

ቢርካ የሚሉት የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ በሲሚንቶ የተሠራ ትልቅ ጉድጓድ ነው፤ ጥልቅ ነው። ሴትየዋ ለምን እንደሮጥን አልገባትም። እኔ ግን ጠዋት ሳታለቅስ የወጣችውን ልጄን ነበር የማስበው።

ልጆቹ የጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ጄሪካኑ በመካከላቸው። አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጄ ተነሥታ ወደ ኋላ ሸሸች። እኔን ፈርታ ነው። ጎረቤቴ ደግሞ ነጠላ ጫማዋ ከእግሯ ወልቆ፣ በልጇ ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ልጅቷ እናቷ ስታለቅስ ስታይ ያኔ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ፈተናው እስኪያልፍ ብቻ ነበር እማዬ» አለችኝ ልጄ። «እንግሊዝኛውን አንብቤ ስጨርስ ማንም ምንም ያላለኝ ያህል ነው። ቃላቱን አላውቃቸውም።»

«ነይ፣ አልመታሽም።»

አልመጣችም። «መጀመሪያ ንገሪኝ። ብወድቅ ምንድን ነው የሚውጠኝ?»

 ስንት ጊዜ ብያታለሁ፤ እኔ ራሴ ግን አስቤው አላውቅም።

«ስምንተኛን ትደግሚያለሽ» አልኳት።

«ከዚያስ?»

«በቃ፣ ትደግሚያለሽ።»

«ይኸው ነው?» አለችና ያን ጊዜ አለቀሰች።

እዚያው አድረን በማለዳ ተመለስን። ቀብሪ በያህ ስንደርስ ኔትዎርክ መጣ፤ ባለቤቴ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣው። ልጁን «አሎ» ስትል ሰምቶ ሌላ ምንም ሳይጠይቅ ስልኩን ዘጋ። በሚቀጥለው ቀን ቤት ነበር።

የሆነውን ለመምህሩ ስንነግረው ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። በቀሩት ሳምንታት ሽምደዳውን ትቶ የጥያቄ ቃላትን ብቻ አስተማረ፤ «አወዳድር»፣ «ያልሆነው የቱ ነው»፣ «ምክንያቱን ግለጽ» በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባሉ። እሱ በአማርኛ ሲፈታ፣ የጎረቤቴ ልጅ ተነሥታ ለክፍሉ በሶማልኛ ትናገር ነበር።

ሰኔ ላይ፣ በፈተናው ቀን፣ ከግቢው በር ውጭ ከቆሙት ወላጆች መሐል ነበርን። 

ውጤቱ ሲመጣ ልጄ ለጥቂት አለፈች። የጎረቤቴ ልጅ ለጥቂት ወደቀች። በግድግዳው በኩል ልቅሶ እሰማለሁ ብዬ ጆሮዬን ደቅኜ ዋልኩ፤ አልሰማሁም። ልጅቷ ስምንተኛን ደገመች፣ በዓመቱም አለፈች። ውጤቱ የመጣ ቀን ግን ጎረቤቴን ምን ብዬ እንደማያት ጨንቆኝ፣ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ወደ ጓሮ አልወጣሁም። የመጣችው እሷ ናት። ልጄን ግንባሯን ስማ ሄደች።

መስከረም ላይ ልጄ ዘጠነኛ ገባች። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ጫማዋን እያወለቀች፣ «ዛሬ የባዮሎጂ መምህሩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ነው ያስተማረን» አለችኝ።

«ገባሽ?»

«ጥቂት።»

ፈገግ አልኩላትና ወጥ ልሠራ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ሽንኩርቱን እየከተፍኩ ግን እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስንት ዓመት እንደቀራት ቆጠርኩ።