በነሐሴ የታቀደው እድሳት

ባለፈው ሰኞ ፋዱማ አንድ ገጽ ወረቀት ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት፣ ሥራውን ከእኔ በላይ የምታውቅ፣ ይህንንም የማትደብቅ ልጅ ናት። ወረቀቱ ሶፍትዌር የምንሠራባቸው መሣሪያዎች መቼና በምን ቅደም ተከተል እንደሚታደሱ የሚያሳይ እቅድ ነበር። «ነሐሴ ላይ ብናደርገውስ? ከተማው ባዶ ነው፤ የሚረብሸን የለም» አለችኝና ፊርማዬን ስትጠብቅ ቆመች። እኔ «ነገ አየዋለሁ» ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ግራ ተጋብታ ሄደች።

እንዲህ ያለ እቅድ መጀመሪያ ያወጣሁት በእሷ ዕድሜ ሳለሁ፣ እዚሁ ጅቡቲ ነው። ከድሬዳዋ መጥቼ አንድ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ቀጥሮኝ ነበር። ሃያብለ በሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ ጠዋት በሚኒባስ እየተጋፋሁ ወደ ከተማ እወርዳለሁ። ምሳዬ ብዙ ጊዜ ባጌት ዳቦ በሰርዲን ነበር፤ ላቤ ጠብ እያለበት ስለምበላው ጨው አያስፈልገውም እያልኩ እቀልድ ነበር። አለቃዬ ሙሴ ሮብሌ ልጅነቱን ድሬዳዋ ያሳለፈ ሶማሌ ነው፤ አማርኛውን በፈረንሳይኛ እየቀላቀለ ይናገራል።

ሥራችን ለከባድ መኪና ሾፌሮች ጭነት የሚደለድል ፕሮግራም ነበር። ድሮ ይህን የሚሠራው አንድ ተረኛ ነበር፤ የሾፌሩን ቀይ ዓይን አይቶ «አንተ ሂድና ተኛ» ይላል። የእኛ ፕሮግራም ዓይን አያይም። ሾፌሩ ጭነቱን እንዳራገፈ ቀጣዩን በስልኩ መልእክት ይልክለታል። በአንድ ሰዓት ውስጥ «እሺ» ያላለ ወደ ወረፋው መጨረሻ ይገባል። ወረፋው መጨረሻ መግባት ማለት ደግሞ ፔካ ዱዝ በሚባለው የመኪና መቆሚያ፣ በዚያ ሙቀት፣ ሳምንት መቀመጥ ማለት ነው። ስለዚህ እምቢ የሚል አልነበረም።

ጋሽ መኮንን ከእነዚህ ሾፌሮች አንዱ ነበር፤ የኮምቦልቻ ሰው። የአባቴ ጓደኛ ስለነበር በየምልልሱ ሳይጠይቀኝ አያልፍም፤ ከአዋሽ መንገድ ዳር የገዛውን ሐብሐብ ታቅፎ ቢሮ ይገባል። አንድ ቀን ሐብሐቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወንበር ላይ ዘፍ አለ።

«ልጄ፣ ይሄ ማሽንሽ ሰው አያሳርፍም እንዴ?» አለኝ። «ሦስተኛ ምልልሴ ነው። ጎኔ አልጋ አልነካም።»

«ምን ላድርግልዎ ጋሼ?»

«ስልኩ ላይ አንዲት ቁጥር አድርጊልን። ስነካት ‹ይሄ ሰው ዛሬ ያርፋል› የምትል። ወረፋዬን ግን እንዳትበላብኝ።»

ሳቅሁ፤ ግን ልክ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ሞከርኩት፤ ሠራ። የቀረው ወደ ዋናው ሰርቨር መላክ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የእኔ እቅድ የሚመጣው። መሣሪያዎቻችን አርጅተው ነበር፤ ኮድ የምናስቀምጥበት፣ የምንሞክርበት፣ ያለቀውን የምንልክበት ሁሉ። ማደሱ ለእኔ ተሰጠኝ። የትኛው ቀድሞ እንደሚታደስ፣ መጠባበቂያ ቅጂ መቼ እንደሚወሰድ፣ ማን ተረኛ እንደሚሆን በቀለም ለይቼ ጻፍኩ። ወሩን ነሐሴ አደረግሁ። በነሐሴ ጅቡቲ ይተኛል። ኻምሲን የሚባለው የበረሃ ነፋስ አቧራ ያነሳል፤ የቻለ ቀዝቀዝ ወዳለው አርታ ወይም ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ያልቻለ ከቀትር በኋላ ጫቱን ይዞ በሩን ይዘጋል። ከተማው ሲተኛ መንገዱም የሚተኛ መሰለኝ። በዚያ ሰሞን ግን የስንዴ መርከቦች ተከታትለው ወደቡ ገብተው፣ ሾፌሮቹ እንደዚያ ወር ሠርተው አያውቁም። ከቢሮዬ መስኮት ይህ አይታይም ነበር።

እቅዱ ላይ «ከማክሰኞ ጀምሮ እድሳቱ እስኪያልቅ ማንም ምንም አይልክም» የሚል መስመር ነበር። የጋሽ መኮንን የእረፍት ቁጥር ለመላክ የደረሰችው ረቡዕ ነው። መሣሪያዎቹ ገና አልተነኩም፤ ሐሙስ ነው የሚጀመረው። ልላካት ወይ ብዬ ሙሴ ሮብሌን ጠየቅሁት።

«ቦን፣ እቅዱ ያንቺ ነው» አለ። «አንቺ ታውቂያለሽ።»

የመጀመሪያ እቅዴ ነበር፤ ግድግዳ ላይ ለጥፎልኝ፣ ለጎበኘን ሁሉ አሳይቶልኛል። በገዛ እጄ በሁለተኛው ቀን ማፍረስ አልፈለግሁም። እውነቱ ይህ ነው፤ ኩራት ነበር። ለጋሽ መኮንን ደወልኩ።

«ከእድሳቱ በኋላ ነው የሚደርሰው፣ ጋሼ።»

«ስንት ቀን ነው?»

«አራት ቀን።»

«አራት ቀን ምን አላት!» ብሎ መረቀኝ።

አራት ቀን አልሆነም። የመሞከሪያው አዲሱ ቨርዥን ከአሮጌው ኮዳችን ጋር አልስማማ አለ። እርዳታ ለመጠየቅ ወደ ፈረንሳይ ጻፍን፤ እነሱም እረፍት ላይ ነበሩ። ወደ አሮጌው እንመለስ ስንል መጠባበቂያ ቅጂው ጎዶሎ ሆኖ ተገኘ። አየር ማቀዝቀዣው እያንጠባጠበ፣ ቀኑን ሙሉ አንድ ስክሪን ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ጋሽ መኮንን በስድስተኛው ቀን ደውሎ ነበር። «ደረሰች?» አለኝ። «ትንሽ ቀረው» አልኩት። ድምፁ ተሰባብሮ ነበር። ሰምቼዋለሁ፤ ጉንፋን ነው ብዬ አለፍኩት።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ሙሴ ሮብሌ ሳይቀመጥ በሩን ዘጋው። የጋሽ መኮንን መኪና ከዲኪል ከተማ አለፍ ብሎ ተገልብጧል። አልተረፈም። የፊት ጎማው ፈንድቶ ተገኝቷል ተባለ። ሙሴ ሮብሌ ውሃ አመጣልኝ፤ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

እድሳቱ ከሁለት ቀን በኋላ አለቀ። ያቺን ቁጥር ላክኋት። ለመላክ ሩብ ሰዓት አልፈጀብኝም። በዚያው ቀን አሥራ አንድ ሾፌሮች ነኳት፤ ስማቸው ስክሪኔ ላይ አንድ በአንድ ሲመጣ አለቀስኩ።

የጋሽ መኮንን ባለቤት ወይዘሮ ዘነበች ዕቃውን ልትወስድ በአውቶቡስ መጣች። ወረቀቶቹ በፈረንሳይኛ ስለነበሩ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ እያንዳንዱን ቃል እስክጨርስ በትዕግሥት ሰማችኝ። ከዚያ እጄን ያዘች።

«ልጄ፣ ደክሞት ነበር እንዴ?»

«ኧረ አልደከማቸውም፣ እትዬ» አልኳት። «ጎማው ነው።»

«እኔም ብያለሁ» አለች፤ ፊቷ ትንሽ ፈታ አለ። «እሱ ደክሞት አይነዳም።»

ምናልባት ጎማው ይሆናል። ብዙ ጊዜ ጎማው እንዲሆን ጸልያለሁ። ለፋዱማ የምላትን አውቃለሁ፤ ሥራ ከማቆማችን በፊት ሰው የሚጠብቀውን ሁሉ እንላክ፣ ወደ መቆሚያው ወርደሽም ሾፌሮቹን ጠይቂ እላታለሁ። ይህን ማለት አይከብድም። የከበደኝ ሌላው ነው። የወይዘሮ ዘነበች ስልክ ቁጥር አለኝ፤ በየበዓሉ እየደወልኩ እንኳን አደረሰዎ እላታለሁ፤ ትመርቀኛለች፤ አመስግኜ እዘጋለሁ። እስካሁን ያልነገርኳት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደክሞት ነበር፤ ነግሮኝም ነበር።